ቱርክ ታውቃለች ተብዬ ዙሪክ ሄድኩ

ስዊዘርላንድ ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ተራራና ስለ ቸኮላት ካላወራ አልሄደም ይባላል። ተራራው ደመና ለብሶ ስለነበር አላየሁትም። ቸኮላቱንም ጎረቤት ጨርሶልኛል። የቀረኝ ወሬ ነው፤ እሱን ደግሞ ሳላካፍል ብቀር ሆዴ ይነፋል።

አስካለ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ታሪክ አስተምሬአለሁ። የተማርኩት አልማ አታ ነው፤ ያኔ የሶቪየት ከተማ ነበረች። ሐኪም እሆናለሁ ብዬ ከአገሬ ብነሣም ደልዳዮቹ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ታሪክ ክፍል ወረወሩኝ። እዚያም የደረሰኝ ጥናት በመካከለኛው ዘመን በእስያ ሣር ምድር ላይ በግና ፈረስ እየነዱ ሲዞሩ የኖሩ የቱርክ ነገዶች ታሪክ ሆነ። ቤተሰቤ ይህን ሁሉ ትምህርት በአንድ አረፍተ ነገር ጠቅልሎታል፦ «አስካለ ቱርክ ነው የተማረችው።» እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ኢስታንቡል የኖርኩ ይመስላት ነበር።

ሙያዬን በአማርኛ መናገርም ጣጣ አለው። «ዘላን» ለኔ የትምህርት ቃል ነው፤ ለሰፈሬ ሰው ስድብ። ሹሞቹ ደግሞ «አርብቶ አደር» በይ ይሉኛል። ዓለምን ያንቀጠቀጠ ፈረሰኛ አርብቶ አደር ሲባል የቀበሌ ስብሰባ የሚጠብቅ ይመስላል። ስለዚህ ዘላን እላለሁ፤ የተቀየመ ይቀየም።

ባለፈው ጊዜ ጄኔቭ ውስጥ ስለ ሣር ምድር ዘላኖች ጉባኤ አለ ተብሎ ተጋበዝኩ። ዙሪክ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ ለትዕግስት ደውዬ ብነግራት ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮኸች።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ነው የላከሽ! ልድያን ቱርክ ሊያገባት ነው!»

ልድያ አንድ ልጇ ናት። አባቷ ጌታቸው ሞቼ ነው ቆሜ አልመርቅም ብሏል። ልድያ ደግሞ ያለ ባባ ምርቃት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አልፈርምም ብላ ስታለቅስ ከርማለች። አባትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ በእናት በኩል ነው የሚነጋገሩት። በመጨረሻ ጌታቸው «ቱርክ የምታውቀው እህትሽ ትምጣ፤ የምትለውን እቀበላለሁ» ብሎ ማለ።

«እና ምን እንድል ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«አይሆኑም በያ!»

እኔ የማውቃቸው ቱርኮች ከሞቱ ስምንት መቶ ዓመት እንዳለፋቸው ነገርኳት። «ያው ዘር ነው» አለችኝ።

ረቡዕ

ቦሌ ላይ ሻንጣዬ ከተፈቀደው በለጠ። ትዕግስት ያዘዘችው በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ አንድ ወገን፤ ለጉባኤው ሰዎች ላድል ያባዛኋቸው ጽሑፎቼ ሌላ ወገን። መመዘኛው ጋ የቆመችው ልጅ «እማማ፣ አንዱን ይምረጡ» አለችኝ። እማማ መባሌ ሳያንስ ምርጫው! የዕድሜ ልክ ጥናቴን የሸኘኝ ሾፌር ይዞት ተመለሰ፤ በርበሬው ተሳፈረ። ትዕግስትን የማያውቅ ይፍረድብኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ጄኔቭ ገባን። የድንበር ፖሊሱ «ለምን መጡ?» አለኝ።

«ለዘላኖች ጉባኤ።»

«ምን ያህል ይቆያሉ?»

«ዘላኖቹ ወይስ እኔ?»

አልሳቀም። እዚያ አገር ቀልድም የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠየቅ ይመስለኛል። ጉምሩኮቹ ደግሞ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። አንዱ በርበሬውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሳበው። ያስነጠሰው ማስነጠስ! ባልደረባው ውሃ ይዞ ሮጠ። አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ ሰውየው እንባውን እየጠረገ «ፓርዶን ማዳም» አለኝ። የኔ በርበሬ አቃጥሎት እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! በኛ አገር ቢሆን እስካሁን ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር።

የተቀበለችኝ ሰናይት ናት፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፣ ከከተማው ወጣ ብላ ቨርሷ ትኖራለች። አማርኛዋ አልጠፋም፤ በየመሀሉ ሚቲንግና ዴድላይን ይወሸቅበታል እንጂ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «አስኩ፣ የሚታጠብ ልብስ ካለሽ ዛሬውኑ አውጪ፤ የኔ ተራ ሐሙስ ነው» አለችኝ።

«ነገ ባጥብስ?»

«ዓርብ የጎረቤቴ ነው። ኧረ እንዳታደርጊው! ባለፈው አንዲት እንግዳ በሰው ቀን አጥባ እስካሁን በደረጃ ላይ ሰላም አንባባልም።»

ተማሪዎቼን ሳስተምር የምነግራቸው ነገር ትዝ አለኝ። በሣር ምድር ላይ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ወንዝና የራሱ ወቅት ነበረው። የሌላውን ግጦሽ የረገጠ ጦር ይጠብቀው ነበር። ሰው ዘላን ዝም ብሎ የሚንከራተት ይመስለዋል፤ ዘላን ግን ተራውን ከማንም አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው። ቨርሷም ያን ሥርዓት በልብስ ማጠቢያ ማሽን ቀጥላበታለች። ያልቆሸሸ ልብሴን ሁሉ አጠብኩ፤ ተራ እንዳያልፈኝ።

እራት የቀለጠ አይብ ነበር። አንድ ድስት መሀል ላይ ይቀመጥና ሁሉም ዳቦውን በረጅም ሹካ ወግቶ ይጠቅሳል። ዳቦው ድስቱ ውስጥ የወደቀበት ይቀጣል። እኛ ከአንድ ትሪ ስንበላ ኋላ ቀርነት፣ እነሱ ከአንድ ድስት ሲጨልፉ ቅርስ! የኔ ዳቦ ሦስቴ ወደቀ።

«ልጅቷንና ልጁን ልታለያዪ ነው የመጣሽው?» አለችኝ ሰናይት።

«ለዘላኖች ነው የመጣሁት።»

«እሱን ለፖሊሱ ንገሪው» ብላ ድስቱን አነሣች።

ዓርብ

ጉባኤው ኦ ቪቭ ሰፈር ባለ አንድ ትንሽ አዳራሽ ነበር። ወደዚያ ስሄድ በተቃራኒው አውቶቡስ ተሳፍሬ ዝናብ መሀል ወረድኩ። አንዲት ባልቴት ጃንጥላቸውን አጋርተውኝ፣ በማላውቀው ቋንቋ ስለማላውቀው ነገር እያጫወቱኝ አዳራሹ በር ድረስ ሸኙኝ። እሳቸው ባይኖሩ ያ ሁሉ መንገድ ከንቱ ነበር። ቀጥሎ የደረሰብኝን ሳስበው ደግሞ ምነው ባልሸኙኝ እላለሁ።

ሰብሳቢው ሲያስተዋውቀኝ «ከአፋር አርብቶ አደሮች መካከል የመጡት እንግዳችን» አለ። አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግሁ ሰው! በሬ በቅርብ ያየሁት ለቅርጫ ሲጣል ነው። ላርመው ስል አዳራሹ አጨበጨበ።

ያም ሆኖ ጥናቴን አቀረብኩ። ቂፕቻቅ የሚባሉ የቱርክ ነገዶች ነበሩ፤ ከጥቁር ባሕር ሰሜን ጀምሮ በፈረስ እስከሚደርሱበት ድረስ ሣሩ ሁሉ የነሱ ነበር። ሞንጎሎች መጥተው በተኗቸው። ልጆቻቸው በባሪያ ነጋዴ እጅ ወድቀው ግብፅ ተሸጡ፤ ፈረስና ቀስት ያውቃሉ ተብለው ወታደር ተደረጉ። ወታደሮቹ አንድ ቀን ጌቶቻቸውን ገልብጠው ራሳቸው ሱልጣን ሆኑ። የኛ ንጉሥ በዚያ ዘመን ጳጳስ ይላክልኝ ብሎ ወደ ግብፅ ሲጽፍ ደብዳቤው የሚሄደው በልጅነቱ በገበያ ለተሸጠ የሣር ምድር ዘላን ነበር። እኛ ቤተ መንግሥት ተቀምጠን ዘላን እያልን ስንንቅ፣ ጳጳሳችን የሚመጣው በአንድ ዘላን መልካም ፈቃድ ነበር ማለት ነው። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ውስጤ ይሞቃል። ቀና ስል አዳራሹ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ስልካቸውን ያያሉ፣ አንዱ ያንኮራፋል።

አንዲት ሴትዮ እጃቸውን አወጡ። ደስ አለኝ።

«አገርዎ ውስጥ ግመል ላይ ሆኖ መተኛት ይከብዳል?» አሉኝ።

«በጣም» አልኳቸው። ምን ልበል?

ምሳ ተብሎ የቀረበው ጥቂት ቅጠልና አንድ ቁራጭ ዱባ ነበር። ሙሉ ፈረስ አርደው ስለሚበሉ ሰዎች ስናወራ ውለን! ሰናይት ማታ ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ዶሮ ጠብሳ አበላችኝ።

ቅዳሜ

የዙሪክ ባቡር ላይ ወንበሩ ሰፊ፣ ሰውም ጥቂት ስለነበር «ደግ አገር ነው» ብዬ ተዘረጋሁ። ትኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ የተቀመጥኩት አንደኛ ማዕረግ እንደሆነ በጆሮዬ፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጎ ነገረኝ። የበርበሬውን ሻንጣ ራሱ ተሸክሞ ወደ ክፍሌ ወሰደኝ። ስወርድ የኔ መዋረድ ሳይሆን የሱ ወገብ ነው ያሳዘነኝ። መንገድ ላይ ባቡሩ ቋንቋ ቀየረ፤ በፈረንሳይኛ ሲያነጋግረን ቆይቶ ድንገት በጀርመንኛ ሆነ። የደነገጠ አልነበረም። እኛ አገር አንድ ጣቢያ ላይ ቋንቋ ቢቀየር ባቡሩ ይቆም ነበር።

ጌታቸው ጣቢያ ጠበቀኝ። ሥራው ሃውስቫርት ነው፤ እሱ ራሱ የሚኖርበት ትልቅ ሕንፃ ጠጋኝም፣ ጠባቂም፣ ተቆጪም ማለት ነው። እሑድ ማን ጮኸ፣ ማን ጠርሙስ ወረወረ የሚለውን የሚከታተለው እሱ ነው። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ወደሚኖሩበት ሰፈር ወደ ሽዋመንዲንገን የሚሄደው ትራም ላይ ገና ከመቀመጣችን ጀመረ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቋቸዋል። ዘላን ናቸው አይደል? ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ።»

«አንተ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ተነሥተህ፣ ሱዳን ከርመህ፣ በግሪክ አቆራርጠህ ነው እዚህ የገባኸው» አልኩት።

«የኔ ስደት ነው» አለ ተቆጥቶ። ከዚያ እስክንወርድ በመስኮት ያይ ነበር።

ትዕግስት በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ በርበሬውን ከፍታ «ትንሽ አልከሳም?» አለች። እህቴና ባሏ ጴንጤ ናቸው፤ ጥቂት ሰው ያለባት ጉባኤ አለቻቸው፣ ጌታቸውም ሽማግሌ ነው። ሰሐን ሳይቀርብ ነገሩን አቀረበችልኝ።

«የጌታቸው ዘር ሰባት ትውልድ ካህን ነው! እንዴት ብሎ ለእስላም ልጅ ይሰጣል?»

ጌታን ካገኙ ወዲህ ቄስ ሲነሣ ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር አውቃለሁ። ዘር ሲቆጠር ግን ቄስ ይወደዳል። አፌን ያዝኩ፣ እንግዳ ነኝና።

ልድያ ከሥራ መጣች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። «ታንተ አስካለ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ፤ ታንተ ማለት አክስት ነው። አባቷ ወደ ሳሎን ሲገባ እሷ ወደ ማእድ ቤት ወጣች። ተከተልኳት።

«ልጁ ቱርክ ነው?» አልኳት።

«ፓስፖርቱ ቱርክ ነው። እነሱ ግን ቱርክ አይደሉም፤ ካዛክ ናቸው። ለማማ መቶ ጊዜ ነገርኩ። ያው ነው ትላለች።»

የያዝኩት ማንኪያ ከእጄ ወደቀ። «ከየትኛው ነገድ?»

«ከረይ። ምነው? መጥፎ ነው?»

መጥፎ! እኔ ከዕድሜዬ እኩሌታውን የካዛክ አያቶች የሆኑትን የሣር ምድር ቱርኮች ታሪክ ስበረብር ኖሬ፣ ቤተሰቤ እያላገጠብኝ፣ ጄኔቭ ድረስ ሄጄ ስለነሱ ስናገር ሰው እያንኮራፋብኝ፣ የልጅ ልጃቸው ሽዋመንዲንገን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ የእህቴን ልጅ ሊያገባ ይመጣል! ልድያን አገላብጬ ሳምኳት። ምን ነካት ሳትል አልቀረችም።

«ታንተ፣ አንቺ እምቢ ካልሽ ባባ ያንቺን ይሰማል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አርስላን ጥሩ ሰው ነው። ግን እኔ ባባን ጥዬ አላገባም። አልችልም። ነገ ምን ትያለሽ?»

 «እግዜር ያውቃል» አልኳት። እህቴን ፈርቼ ነው።

እራት ላይ ግን አላስቻለኝም። የከረዮች አያቶች ናቸው የሚባሉት ሰዎች በዚያ በጥንቱ ዘመን ክርስቲያኖች እንደነበሩ ተናገርኩ። ምሁራን ቢከራከሩበትም ብዙዎች ይህን ይላሉ፤ የሣር ምድር ዘላን ሆነው መስቀል የሚሳለሙ ካኖች፣ ማለትም ነገሥታት፣ ነበሯቸው።

«ሃሌሉያ!» አለች ትዕግስት። «እንግዲያው ይመለሳሉ!»

«ታዲያ ለምን ሰለሙ?» አለ ጌታቸው።

«ሰው ይሰልማል፣ ሰው ይጠመቃል። ወሎ ተወልደህ ይህን እኔን ትጠይቀኛለህ?» አልኩት።

ሰሐኑን አንሥቶ ወጣ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

እሑድ

ጠዋት ጉባኤ ሄድን። የተከራዩት አዳራሽ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ሌሎቹ ሳይመጡ በሰዓቱ መልቀቅ ግድ ስለሆነ መንፈስ ቅዱስም ሰዓት አክባሪ ሆኗል። ጌታቸው ተነሥቶ መሰከረ። «ከሰባት ትውልድ ካህናት ወገን የወጣሁ ሆኜ ጌታን ሳላውቀው ኖሬ» ብሎ ሲጀምር ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ቃል በቃል በከንፈሯ ተከተለችው፤ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች ማለት ነው። ትዕግስት በኩራት አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ መጣ። አርስላን ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። አብሮት የመጣው አያቱ ሐሊል ነው፤ አጭር ሽማግሌ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ። አልማ አታ የካዛኮች ከተማ ናትና እዚያ በለመድኩት፣ አሁን በዛገው ካዛክኛዬ «አማንሰዝ ባ?» አልኩት፤ ደህና ነዎት ማለት ነው። ባለበት ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ በነሱ ወግ መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጠየቀኝ።

«ከየትኛው ነገድ ነሽ?»

«ከአራት ኪሎ።»

ጥቂት አሰበ። «ይህን ነገድ አላውቀውም» አለኝ በቁም ነገር።

ታሪኩን ተረጎምኩላቸው። ወገኖቹ ከአልታይ ተራሮች ስር መንጋቸውን ይዘው ተሰደዋል፤ በረዶና ረሃብ ብዙውን ፈጅቶታል፤ እሱ የተወለደው መንገድ ላይ ነው። ቱርክ ተቀብላቸው ቆዳ ፋብሪካ ሲሠራ አረጀ። ልጁ ዙሪክ መጣ፣ እሱም ተከተለ። ትዕግስት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጌታቸው ወለሉን ያያል።

ሐሊል ጉሮሮውን ጠርጎ በወጉ ልጃችሁን ለልጅ ልጄ ስጡኝ አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ቱርክ አዋቂዋ የምትፈርድበት ሰዓት ደረሰ። ለእህቴ ብዬ ልዋሽ፣ ለልድያ ብዬ እውነቱን ልናገር ሳማርጥ ጌታቸው ቀደመኝ።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ። በኛ ደንብ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ዘመድ እንዳንሆን። ይቁጠሩ በሏቸው።»

«ጌታቸው! ከአልታይ ተራራ ሰው ጋር በየት በኩል ትዛመዳለህ?»

«ደንብ ደንብ ነው። ይተርጉሙልኝ።»

ተንኮሉ ገባኝ። ዛሬ ሰባት አባት ማን ይቆጥራል? ሽማግሌው ሲሰናከል በክብር እምቢ ሊል ነው። ያላወቀው ነገር ቢኖር ሰባት አባት መቁጠር የነሱም ደንብ መሆኑን ነው። ካዛክ ልጁ አፍ ሲፈታ የሚያስጠናው ሰባት አባቱን ነው፤ እስከ ሰባት ካልዘለለ አይጋባም፣ ልክ እንደኛ። ሣር ምድሩን ሲዞሩ አጥር የላቸው፣ የመሬት ካርታ የላቸው፤ ሰው ከማን ወገን እንደሆነ የሚታወቀው በአባቶቹ ስም ብቻ ነበር። ይህን ለጌታቸው አልነገርኩትም። ደስ እያለኝ ተረጎምኩ።

የሐሊል ፊት በራ። ሰባቱን አባቶቹን በአንድ ትንፋሽ አወረዳቸው፤ ሰባትን አልፎ ሲቀጥል አርስላን እጅጌውን ጎተተው። ከዚያ ወደ ጌታቸው ዞረ።

«እነሆ ደግ ሰው አገኘን። አሁን ደግሞ እርስዎ» አለ። ቀጥሎም ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «በኛ ዘንድ ሰባት አባቱን መቁጠር ከማይችል ቤት ልጅ አይወሰድም» አለ።

ተረጎምኩላቸው። ነገሩ ተገለበጠ! እምቢ ሊል የተቀመጠው ሰው ራሱ እምቢ ሊባል ነው።

«ደምሴ» አለ ጌታቸው። «ይመር።» እዚህ ላይ አቆመ።

«ቀጥል እንጂ!» አለች ትዕግስት። «ካህናቱን ቁጠርላቸው!»

ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ሐሊል ጠበቀ፣ ጠበቀና እጁ ወደ ባርኔጣው ሄደ። የአርስላን ፊት አመድ መሰለ። በዚያች ሰዓት ውሸት አፌ ላይ መጣ። እኔ ነኝ ተርጓሚዋ፤ አምስት የዱሮ ካኖች ስም ብደረድር ማን ያውቅብኛል? አፌን ስከፍት ልድያ ከበሩ ሥር፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለአባቷ ተናገረች።

«ባባ» አለች። «ባባ፣ ቢተ፣ እባክህ። በእናትህ።»

ጌታቸው ዓይኑን ጨፈነ።

«እንድሪስ» አለ። «መሐመድ። አሊ። ወልደ ገብርኤል። ሰይድ።»

ይህን መተርጎም አላስፈለገም። የሐሊል ቅንድብ ተነሣ። እህቴ ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት።

«ካህናቱስ?» አለች።

«ወልደ ገብርኤል ዲያቆን ነበር ይላሉ።»

«አንድ ዲያቆን?»

«ገና እንደመጣሁ ነው» አለ ጌታቸው ወለሉን እያየ። «ጉባኤው ላይ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። እስላም ነበሩ ብል ይርቁኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ካህናት አልኩ። ሁሉም አሜን አለ። ከዚያ በየት በኩል ልመለስ?»

በዚህ መሀል ሐሊል ጣቶቹን ቆጥሮ ጨርሶ ኖሮ፣ በከባድ ድምፅ ውሳኔውን ሰጠ። «ሰባቱም ሞልተዋል። አንዛመድም። ለፈጣሪ ምስጋና ይሁን፣ መጋባት ይችላሉ።» ይህን ስተረጉም ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። አርስላን ሳቀ፣ ልድያ አለቀሰች።

«ይበሏቸው እትዬ» አለ ጌታቸው። «ልጄን ሰጥቻለሁ። መርቄአለሁ። ከፈለጉኝ።»

የኔን ፍርድ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያ ሁሉ መንገድ!

ትዕግስት ግን አልሳቀችም። ብድግ ብላ ባሏ ፊት ቆመች። እሷ ብትሄድ ሠርጉም ትዳሩም አብሮ እንደሚሄድ ሁላችንም ገብቶናል።

«ከማን ጋር እንደኖርኩ ዛሬ ገና ሰማሁ» አለች። ተናዳለች፣ ከንዴቷ ይልቅ ግን አዝናለች። «አሊ ቢሆን እኔ ምን እልህ ነበር? ልጄን ስንት ወር አስለቀስካት። እኔንም አብሬህ እንዳስለቅሳት አደረግከኝ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «በል እንደገና ቁጠር። ቀስ ብለህ። ይቺም ትማር፤ ነገ ልጆቿ ሲጠይቋት እንዳንተ እንዳትገተር።»

ልድያ አባቷ አጠገብ መጥታ ቆመች። እሱ ይላል፣ እሷ ትከተላለች፣ እህቴም በሹክሹክታ ትደግማለች።

«ደምሴ።»

«ደምሴ።»

«ይመር።»

«ይመር።»

«እንድሪስ።»

«አንድሪያስ» አለች ልድያ።

«አንድሪያስ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ጌታቸው። «እንድሪስ! እንድሪስ ነው! የአያቴ አባት እንድሪስ!»

ቀኑ እሑድ፣ መስኮቱም ክፍት ነበርና ሕንፃው ሁሉ ሰማው።